የ4 ዓመት ልጅ ትንሽ የከፋውን ፊት ለምን አያይም? የስሜት ካርድስ ይበቃል ወይ?

ጠመኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ኬጂ ለሚያስተምርና የሕፃናት ሥነ ልቦና ለሚያውቅ ሰው ነው። ክፍሉ 32 ልጅ አለው፣ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 5። የምንጠቀመው ስድስት ፊት ያለበትን የስሜት ካርድ ነው፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ መገረም፣ መጸየፍ። ደስታን የሚስት የለም። ሐዘንና ንዴትን አብዛኞቹ ያውቃሉ። ፍርሃትና መገረም ይቀያየሩባቸዋል። የመጸየፉን ካርድ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ተናዷል» ነው የሚለው።

እሱስ ይሁን። ያስቸገረኝ፣ ካርዱን የሚያውቀው ልጅ የጓደኛውን ፊት አለማወቁ ነው። ብሎክ ሲጫወቱ አንዷ ከንፈሯን ገጥማ፣ አገጯ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ከጎኗ ያለው ልጅ ብሎኩን መውሰዱን አያቆምም። ልቅሶው ሲፈነዳ እሱም ይደነግጣል። «ምንም አላደረግኳትም» ይላል፤ ለእሱ እውነቱን ነው።

ይሄ የዕድሜ ጉዳይ ነው ወይስ ያልተማሩት ነገር? ካርዱን ልተወው? ትንሿን ለውጥ ማየት የሚለማመዱበት ደረጃ በደረጃ የሆነ መንገድ አለ? ለወላጅ «አስመርምሩት» የሚባለውስ መቼ ነው?

ቅንድብ፦

መምህርት፣ ካርዱ ላይ የሚያዩት ስህተት የማስተማር ጉድለት አይደለም። ልጅ ፊት ማንበብ ሲማር የሚሄድበት መንገድ ራሱ እንዲህ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ ከእናቱ ፊት የሚርቀውን ያህል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል። ጥቂት ወራት ሲቆይ ፊት «ሲዘጋበት» ያውቃል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳየው ሙከራ እናት ልጇን ስታጫውት ቆይታ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊቷን እንደ ግድግዳ ታደርገዋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ በፈገግታ ሊመልሳት ይሞክራል፣ እጁን ይዘረጋል፤ አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል። በ7 ወር ገደማ ደግሞ የፈራ ፊት ሲያይ ዓይኑ ከሳቀ ፊት ይልቅ እዚያ ላይ ይቆያል።

እስከዚህ ድረስ የሚያደርገው ቅርጽ መለየት ነው። ፊትን መረጃ አድርጎ መጠቀም ዓመት ሲሞላው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው ጥናት ላይ የ12 ወር ሕፃናት መስታወት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይድሃሉ፤ መሃል ላይ ከመስታወቱ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ገደል የሚመስል ቦታ አለ። እናት ከማዶ ሆና ቃል ሳትናገር ፊቷን ብቻ ታሳያለች። ደስ ያለው ፊት ካዩት 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ካዩት 17 ግን አንድም አልተሻገረም። 30 ሳንቲ ሜትር የተመረጠው አጠራጣሪ ስለሆነ ነው፤ ጥልቅ ቢሆን ሕፃኑ የእናቱን ፊት ሳያይ ይመለሳል፣ ሜዳ ቢሆን ሳያይ ይሄዳል። ልጅ ፊት የሚፈልገው ግራ ሲገባው ነው። ይሄን ነጥብ ለክፍልዎ ያቆዩት።

በ18 ወር ደግሞ የሌላ ሰው ስሜት ከእሱ የተለየ ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል። ቤቲ ረፓቾሊና አሊሰን ጎፕኒክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ሙከራ ተመራማሪዋ ብሮኮሊ ቀምሳ ፊቷ ፈካ፣ ብስኩት ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ እንዲሰጧት ጠየቀች። የ14 ወሮቹ ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሰጧት። የ18 ወሮቹ ብሮኮሊውን ሰጧት።

ቃል ሲመጣ ነገሩ እንደገና ከሰፊው ይጀምራል። ሼሪ ዋይደንና ጄምስ ራስል ደጋግመው እንዳሳዩት ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ያለው ሁለት ከረጢት ብቻ ነው፦ ደስ የሚልና ደስ የማይል። ከሁለተኛው ከረጢት ንዴትና ሐዘን ቀድመው ይወጣሉ፣ ፍርሃትና መገረም ይከተላሉ፣ መጸየፍ መጨረሻ ነው። የመጸየፍን ፊት «ተናዷል» ማለት እስከ 9 ዓመት ገደማ በብዙ ልጆች ላይ ይታያል። ስለዚህ ያንን ካርድ አሁኑኑ ያውጡት። በዚህ ዕድሜ ጊዜ ከመውሰድ በቀር ሥራ የለውም።

ደስታ ቀድሞ የሚታወቀው ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው። ከስድስቱ ካርዶች ጥሩ ስሜት ብቻ የሚያሳየው እሱ ነው፤ ተፎካካሪ የለውም። ሌሎቹ እርስ በርስ ይሻማሉ። ፍርሃትና መገረም ሁለቱም ዓይን ያፈጥጣሉ፣ አፍ ይከፍታሉ። ልዩነቱ በመገረም ቅንድብ እንደ ቀስት ወደ ላይ ይጎብጣል፣ መንጋጋ ዘና ብሎ ይወርዳል፤ በፍርሃት ግን ቅንድብ ከፍ ብሎ ወደ መሃል ይሳባል፣ ከንፈር ወደ ጎን ይወጠራል። ይህን የ4 ዓመት ልጅ ከሥዕል ላይ እንዲለይ መጠበቅ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ስውሩ። ሺያኦቺንግ ጋኦና ዳፍኒ ሞረር እ.ኤ.አ. በ2009 የ5፣ የ7 እና የ10 ዓመት ልጆችን ከአዋቂ ጋር አወዳድረዋል፤ የስሜቱን መጠን ከትንሽ እስከ ሙሉ በደረጃ እየጨመሩ። የ5 ዓመት ልጅ ትንሿን ፈገግታ እንኳ እንደ አዋቂ ያያል። ፍርሃት ላይ አዋቂን የሚያክለው በ10 ዓመቱ ነው። የሚገርመው ሐዘን ነው፦ የ5 ዓመት ልጅ «ይሄ ፊት አንድ ነገር ሆኗል» የሚለውን እንደ አዋቂ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን በ10 ዓመቱም ከፍርሃት ጋር ያምታታዋል።

ለእርስዎ ይሄ ጥሩ ዜና ነው። ልጁ የልጅቷ ፊት መለወጡን ሊያይ ይችላል፤ የጎደለው የስሜቱ ስምና ምክንያቱ ነው። ያውም ፊቷን ካየ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች ዓይናቸው እጅ ላይና ብሎኩ ላይ ነው። እንደ መስታወቱ ጠረጴዛ ግራ የሚያጋባ ነገርም የለም፤ ለልጁ ብሎክ ብሎክ ነው። ፊት የሚታይበት ምክንያት አላገኘም። ማንበብ ከማስተማር በፊት ማሳየት ይቀድማል።

እርሳስና ላጲስ፦

እህቴ፣ ተግባሩን እኔ ልሞክረው። ካርዱን አትጣይው፣ ሥራውን ቀይሪለት። የታተመ ካርድ ስሜቱን መቶ በመቶ ነው የሚያሳየው፤ አፉ እስከ ጆሮ፣ እንባው ጠብ ጠብ። ክፍል ውስጥ ያለው ፊት ከዚያ ሩቡን ቢያሳይ ነው። ስለዚህ በመሃል ያለውን ራስሽ ታዘጋጃለሽ።

ሦስት ስሜት ብቻ ያዢ፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት። ልጆቹ የሚያውቁት አዋቂ፣ ለምሳሌ ረዳት መምህሯ ፈቃደኛ ከሆነች፣ በስልክ ቪዲዮ ትቀረጽ። ምንም ከማያሳይ ፊት ተነስታ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ቀስ እያለች እስከ ሙሉ ስሜት ትሂድ። ከዚያ ቪዲዮውን በእኩል ርቀት እያቆምሽ አራት ፎቶ ታወጫለሽ፤ 1 በጭንቅ የሚታየው፣ 4 ሙሉው። ባዶው ፊት ለሦስቱም አንድ ነው። በጠቅላላው 13 ፎቶ። «አሁን ትንሽ ከፋሽ፣ አሁን ጨምሪ» እያሉ አንድ በአንድ ማንሳት አይሠራም፤ ደረጃው እኩል አይመጣም፣ ፊቱም ቲያትር ይሆናል።

ስትቀርጺ ፊቷ ወደ መስኮት ይዙር። ከላይ ያለ አምፖል ብቻ ከበራ ከቅንድብ ሥር ጥላ ይወድቃልና ባዶው ፊት ራሱ የተቆጣ ይመስላል። ነጠላ ወይም ጸጉር ግንባር ላይ ከወረደ ግማሹ መረጃ ጠፋ።

ፎቶዎቹን ስትመርጪ የምትፈልጊው ይሄ ነው። ሐዘን ላይ በመጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የቅንድብ የውስጠኛው ጫፍ ነው፤ በአፍንጫ በኩል ያለው ጫፍ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግንባር መሃል ላይ አጭር መስመር ይወጣል። የላይኛው የዓይን ቆብ ይከብዳል። የአፍ ጥግ ዝቅ ይላል፣ የአገጭ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ይላል። ልጅቷ ብሎክ ሲወሰድባት ያየሽው እሱን ነው። ንዴት ላይ ቅንድብ ወደ ታችና ወደ መሃል ይወርዳል፣ የታችኛው የዓይን ቆብ ይጠነክራል፣ ከንፈር ይሳሳል። ሁለቱም ላይ ከንፈር ሊገጠም ስለሚችል አፍ ብቻውን አይበቃም። የሚለየው ቅንድብ ነው።

አሠራሩ፦ ከ4 እስከ 5 ልጅ ያለበት ቡድን፣ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሙሉውን ክፍል በአንድ ላይ አትሞክሪው፤ ሁለት ጮክ ያሉ ልጆች ይመልሳሉ፣ ሠላሳው ይደግማል።

መጀመሪያ ስም አትጠይቂ። ባዶውንና 4ኛውን ጎን ለጎን አድርገሽ «የቱ ነው የተለወጠው? ምኑ ላይ?» ብቻ በያቸው። ልጁ በጣቱ ይንካ፦ ቅንድብ፣ ዓይን፣ አፍ። ከአምስት አራት ጊዜ ሲያገኝ ወደ 3፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1 ውረጂ። 1ኛው ላይ ብዙዎቹ ይቆማሉ፤ አትግፊያቸው፣ 2ኛው ላይ ቆዩ።

ቀጥሎ ምክንያት ጨምሪ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እርሳሷ ተሰበረባት። እስካሁን አላለቀሰችም።» ከሦስት ፎቶ ይምረጥ። ሐዘንና ንዴት ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ታሪክ ሲመጣ ደግሞ ጥሩ ነው፤ «እርሳሷን ወንድሟ ሰበረባት» ስትይ ይከራከራሉ፣ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው።

ከዚያ በወረቀት አፉን ሸፍነሽ ዓይንና ቅንድብ ብቻ፣ በሌላ ቀን ተቃራኒውን። ከዚያ ድምፅ የሌለው የ3 ሴኮንድ ቪዲዮ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሁለት ልጅ ፊት ለፊት በግማሽ ሜትር ርቀት አስቀምጠሽ አንዱ «ትንሽ» ይለውጥ፣ ሌላው ምኑ እንደተለወጠ ይንገረው። ከዚህ በፊት መስታወት ማየት አለባቸው፤ ብዙ ልጅ ቅንድቡን ብቻ ማንቀሳቀስ አይችልም፣ መላ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይስቃሉ፣ ይሳቁ።

በጣም የተለመደው ብልሽት ምን መሰለሽ? ልጆቹ ፎቶውን ትተው አንቺን ያነባሉ። «ይሄስ?» ስትይ ድምፅሽ ያዝናል፣ ልክ ሲሉ ቅንድብሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አገኘው ብለሽ ትደሰቻለሽ። ፎቶውን የራስሽ ፊት ፊት ያዢው፣ ድምፅሽን አንድ አድርጊ፣ «ጎበዝ» የሚለውን ከአምስቱ ጥያቄ በኋላ አድርጊው። ሌላው ቅደም ተከተል ነው፤ ሁሌ ከደስታ ከጀመርሽ ቅደም ተከተሉን ይሸመድዳሉ፣ በየቀኑ በውዢው። ሦስተኛው አንድ ፊት ብቻ መጠቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ጨምሪ፣ ቢቻል ወንድና በዕድሜ ገፋ ያለ። ሽብሽብ ያለበት ፊት ባዶ ሆኖም ያዘነ ይመስላቸዋል፤ ያንን ማወቃቸው ይጠቅማል።

ብሎክ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ፊት ለፊት አስቀምጫቸው፣ ጎን ለጎን አይደለም። አገጯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጁን ቀስ ብለሽ አቁሚና «ፊቷን እይ። ምኑ ተለወጠ? ምን ሆና ይመስልሃል? ጠይቃት» በይው። ሁሉም 15 ሴኮንድ ነው። ካለቀሰች በኋላ ካልሽው ዋጋ የለውም፤ ልቅሶን ሁሉም ያውቃል። «ለምን ወሰድክባት?» ብለሽ ከጀመርሽም ያው፤ ዓይኑ ካንቺ ፊት ላይ አይነሳም።

የሩቁ አባት፦

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነኝ፣ እግረ መንገዴን ሁለት ጥያቄ። ልጁ 3 ዓመቱ ነው። አያቱን የሚያየው በስልክ ቪዲዮ ነው፤ ይሄ ፊት ለመማር ይቆጠራል? ሁለተኛ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት «ዓይን አያይም» ትላለች። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲናገረው ዝቅ ብሎ እንዲያይ ነው የተማረው። የቱን ልናስተምረው?

አፍ መፍቻ፦

ወንድሜ፣ የአያት ስልክ ይቆጠራል፣ ከካርቱን ጋር አንድ አይደለም፤ ምክንያቱም ፊቱ ለልጁ መልስ ይሰጣል። ግን ስልኩ በልጁ ዓይን ከፍታ፣ ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቁም፤ አያትም ከጀርባቸው መስኮት ካለ ፊታቸው ጥላ ስለሚሆን ይዙሩ። ኔትወርኩ ሲይዝ ፊታቸው ደርቆ ይቀራል፤ ከላይ የተጻፈውን የትሮኒክን ሙከራ በነፃ መድገም ማለት ነው። ያኔ አጠገቡ ሆናችሁ «ስልኩ ነው የቆመው፣ አያትህ አልተቆጡም» በሉት። ስለ ስክሪን በጥቅሉ፦ ያልዳ ኡልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ላይ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ያለ ምንም ስክሪን አምስት ቀን ካምፕ ውለው ፊትና ሁኔታ ማንበብ ከቀሩት ይልቅ ተሻሽሏል። ልጆቹ 11፣ 12 ዓመት ስለሆኑ ለ3 ዓመት ልጅ ቀጥታ አይገለበጥም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ዓይን ማየቱን ለመምህርቷ አንድ ጊዜ አስረዷት፦ በእኛ ቤት ሲቆጡት ወይም ትልቅ ሰው ሲያናግረው ማቀርቀር ክብር ነው። ልጁ ሁለት ሥርዓት መያዝ ይችላል፤ ሁለት ቋንቋ ይዞ የለ? «ትምህርት ቤት ስትናገር ቀና በል» ይበቃል። የምትጠብቁት ሌላ ነገር ነው፦ ሳይቆጡት፣ በጨዋታ መሃል፣ ደስ ሲለው ወይም ግራ ሲገባው ወደ ፊታችሁ ቀና ይላል ወይ? የሚል ከሆነ የአክብሮት ጉዳይ ነው። የማይል ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ጋር ውሰዱት።

አሁን ወደ ጠመኔ ጥያቄ። እስካሁን ስለ ዓይን ተወራ፤ ቃሉ ግን ተረሳ። ጁዲ ደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት በ33 ወራቸው በቤት ውስጥ ስለ ስሜትና ስለ ምክንያቱ ብዙ የተወራላቸው ልጆች በ40 ወራቸው የሰውን ስሜት በተሻለ ይረዳሉ። ስሜትና ምክንያት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «አትናደድ» ማለት ስሜት ማውራት አይደለም።

ካርዶቻችን ከውጭ ስለተቀዱ ቃላቸውም ደረቅ ነው፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት። በአማርኛ ግን ለዚያች ሩብ ፊት የተሠራ ቃል ሞልቷል። ቅር አላት፣ ከፋት፣ ሆድ ባሳት፣ ተቀየመች፣ አኮረፈች፣ ተበሳጨች፣ ተሸማቀቀች፣ ሰጋች። እነዚህ አንድ አይደሉም፣ ልጅም አንድ አድርጎ መማር የለበትም። ሰዋስዉን እዩት፦ ቅር አላት፣ ከፋት፣ ሆድ ባሳት ስንል ስሜቱ በራሱ መጥቶባታል፣ እሷ ያደረገችው ነገር የለም። አኮረፈች ስንል ግን ያደረገችው ነገር ነው፤ ጀርባዋን ሰጠች፣ ከንፈሯን ጣለች። ኩርፊያ ለሁሉም ይታያል። ከኩርፊያ በፊት ያለው ቅር ማለት ነው ስውሩ። ስለዚህ ልጆቹ «አኮረፈች» ሲሉ «አዎ፣ ከዚያ በፊትስ ምን ሆነች?» ብለሽ ወደ ኋላ ጎትቻቸው። «ቅር ብሏት ነበር» የሚለውን ቃል አንዴ ከያዙት፣ ፊቱን በሚቀጥለው ጊዜ ይፈልጉታል። በሳምንት ሁለት ቃል ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ይቀላቀላል።

ሌላው የእኛ ልጅ ቤቱ የሚማረው ትምህርት አለ፦ ጥቅሻ። እንግዳ ባለበት ልጁ ሁለተኛ ብስኩት ሲያነሳ እናት ቃል አትናገርም፤ ዓይኗን ለግማሽ ሴኮንድ ታፈጣለች፣ ፊቷ ግን ለእንግዳው ፈገግ እንዳለ ነው። ልጁ እጁን ይመልሳል። አስቡት፣ አፍ አንድ ነገር፣ ዓይን ሌላ ነገር እያለ የቱን ማመን እንዳለበት ለይቷል! ካርድ ላይ የምትደክሙበት ልጅ ይሄን ቤቱ ይሠራዋል። የሚችልበት ምክንያት አለ፦ ያ ፊት የሚያውቀው ፊት ነው፣ ሁኔታው የተደጋገመ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ክፍል ውስጥ እነዚህን ሦስቱን ማምጣት ነው ሥራው።

ይሉኝታም እዚሁ ይገባል። ፓሜላ ኮል እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳየችው ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች የማይረባ ስጦታ ሲሰጣቸው ሰጪዋ ፊታቸው ካለች ፈገግ ይላሉ፤ ስትሄድ ፈገግታው ይቀንሳል። ማለትም ልጅ የሰው ፊት መሸፈኛ እንደሆነ ከማስረዳቱ በፊት ራሱ ይሸፍናል። «ብላ» ሲሉት «በቃኝ» እያለ ዓይኑ ከሰሃኑ የማይነሳውን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል።

ቅንድብ፦

አፍ መፍቻ ያለው ልክ ነው፤ ጥቅሻው ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ዓይን ማፍጠጥ ዱላ የሚከተለው ከሆነ ልጁ የሚማረው ሌላ ነገር ነው። ሴዝ ፖላክና ፓዋን ሲንሃ እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ደብዛዛ ሆነው ቀስ በቀስ የሚጠሩ ፊቶችን ለልጆች አሳዩ። ድብደባ የደረሰባቸው ልጆች ንዴትን ከሌሎቹ ልጆች ቀድመው፣ ምስሉ ገና ሳይጠራ ለዩት። ይሄ ችሎታ ነው፣ ግን ውድ የተከፈለበት ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ባዶውን ፊት ደጋግሞ «ተቆጥቷል» የሚል ልጅ ካለ የፎቶ ልምምድ አትጨምሩበት። በየትኛው ሰዓት፣ ማን ሲመጣ እንደሚብስበት ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ ለሚመለከተው አማካሪ አሳዩ።

ሁለተኛ፣ «ፊት አይዋሽም» የሚለውን ለልጆች አታስተምሩ። ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ሰዎች ሲናደዱ ብዙ ጊዜ እንደማይኮሳተሩ፣ የሚኮሳተር ሰውም ላይናደድ እንደሚችል አሳይተዋል። ፀሐይ ዓይኑን የመታው፣ ራሱን ያመመው፣ መነጽር የረሳው ሁሉ ቅንድቡን ይቋጥራል። ስለዚህ እርሳስና ላጲስ የጻፈችው አራተኛ ቃል፣ «ጠይቃት» የሚለው፣ መቅረት የለበትም። ልጁ ገምቶ ሲጠይቅና «ራሴን አሞኝ ነው» ሲባል፣ ከአስር ካርድ የበለጠ ይማራል።

ጠመኔ፦

ብዙ ነው ያገኘሁት፣ ተባረኩ። የመጸየፉ ካርድ ዛሬውኑ ወጥቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የምርመራው ጉዳይ ለኬጂ ልጅ አልተመለሰልኝም። ሁለተኛ፣ ጉንፋን ሲበዛ ረዳቷ ማስክ ታደርጋለች፤ ልጆቹን ይጎዳል? ፎቶውንስ በስንት መጠን ላሳትመው?

እርሳስና ላጲስ፦

ካርድ አለማወቅ ብቻውን የምርመራ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ ዓይንና ጆሮ ይታይ። ሁለት ሜትር ላይ ያለ ፎቶ ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብ ወይም ወደ ፊት የሚሄድ ልጅ ቅንድብ ሊያነብ አይችልም፤ ይሄ ሳይታይ ስንት ልጅ «ሰው አይረዳም» ተብሏል። ከዚያ የምታይው እነዚህ አብረው ሲመጡ ነው፦ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የወደደውን ነገር ሊያሳይሽ አምጥቶ ፊትሽን አያይም፣ ግራ ሲገባው የማንንም ፊት አይፈልግም፣ የማስመሰል ጨዋታ የለውም። ቤትም ክፍልም አንድ ዓይነት ከሆነ ለወላጅ ንገሪ። ይዘውት የነበረውን ቃል የሚያጡ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ኢንተርኔት ላይ የምታገኚው ኤም-ቻት የሚባለው፣ የኦቲዝም ምልክት የሚፈትሸው የ20 ጥያቄ መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላለ ሕፃን ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ አትሙይው። መነሻው የሕፃናት ሐኪም ነው። ኦቲዝም ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ።

ለወላጅ ስትነግሪ «ስሜት አያውቅም» አትበይ። «ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ጠርቼው አልዞረም» በይ። ያየሽውን ብቻ።

ማስኩ ከባድ ጉዳት የለውም። አሽሊ ሩባና ሴዝ ፖላክ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ7 እስከ 13 ዓመት ያሉትን ሲፈትሹ አፍ ቢሸፈንም እንዲሁ ከመገመት በተሻለ ያገኙታል፤ ትክክለኛነቱ ግን ይቀንሳል። ያንቺዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ረዳቷ የሚሰማትን በቃል ትጨምርበት፦ «አሁን ደስ ብሎኛል»፣ «አሁን ትንሽ ቅር ብሎኛል»።

ፎቶው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ይሙላ። የሚያንጸባርቅ ወረቀት ላይ አታሳትሚ፣ በፕላስቲክም አታስለብጪው። ከመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ልጅ የሚያየው ነጭ ብልጭታ ነው፤ ብልጭታውም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ግንባርና ቅንድብ ላይ ነው። የማያንጸባርቅ ወፍራም ወረቀት፣ ከጀርባው ካርቶን። ከጀርባው ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፊ፣ በእስክሪብቶ አይደለም፤ ወደ ፊት ለፊት ይወጣና ልጆቹ በቀለሙ ይለዩታል።